በረሃውን እንሂድበት፤ ግን አውቀን እንሂድበት

ከጥቂት ወራት ወዲህ በማኅበራችን አባላት መካከል አንድ ክርክር ተነሥቷል። ክርክሩ ከጅዳ ወጣ ብሎ ወደ በረሃው ስለ መሄድ ነው። የዓርብና የቅዳሜ ዕረፍት በመጣ ቁጥር ጥቂቶቻችን ገንዘብ አዋጥተን ላንድክሩዘር እንከራያለን፤ ከአስፋልቱ ወርደንም በመካ ዙሪያና ከዚያም ርቀው የሚገኙትን ደረቅ ወንዞችና ገደሎች እናያለን። ይህን በሚመለከት ሁለት ዓይነት አስተያየት ይሰማል። አንደኛው ወገን «የተላክነው ልንማር ነው፤ ስኮላርሺፕ የተሰጠን አሸዋ እንድንቆጥር አይደለም፤ ወላጆቻችን የሚጠብቁት ዲፕሎማችንን እንጂ የበረሃ ፎቶግራፋችንን አይደለም» ይላል። ሁለተኛው ወገን በበኩሉ «ወጣቶች ነን፤ መኪና ካለ፣ ቤንዚን ካለ፣ ምን ይከለክለናል?» ይላል።

በእኛ አመለካከት ሁለቱም ወገኖች የተሳሳቱት በአንድ ነገር ነው። ሁለቱም በረሃውን እንደ ባዶ ቦታ ይቆጥሩታል። ለመጀመሪያዎቹ ጊዜ ማባከኛ ነው፤ ለሁለተኞቹ ጊዜ ማሳለፊያ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም በረሃው ባዶ አለመሆኑን፣ መንገዱ እንደ ማንኛውም ትምህርት የሚጠና መሆኑን፣ ከዚያ የሚገኘውም ዕውቀት የጥቂት ተማሪዎች ንብረት ሆኖ መቅረት እንደማይገባው ማስረዳት ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መንገዱ ምን ያስተምራል?

ከጅዳ እስከ መካ ያለው ርቀት 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአውራ ጎዳናው የተሳፈረ ሰው አንድ ሰዓት ሳይሞላ ይደርሳል። የሚያየው ግን የመብራት ምሰሶና ማስታወቂያ ብቻ ነው። ከአስፋልቱ የወጣ ሰው በሰሜን በኩል ዋዲ ፋጢማን ያገኛል። ዋዲ ማለት ዝናብ ሲጥል ብቻ የሚፈስ፣ በሌላው ጊዜ ደረቅ የሆነ ወንዝ ነው። ዋዲ ፋጢማ በአል-ጀሙም በኩል አልፎ ከጅዳ በስተ ደቡብ ወደ ቀይ ባሕር ያመራል። ላዩ አሸዋ ቢሆንም ከሥሩ ውሃ አለ፤ ስለዚህም ከጥንት ጀምሮ ተምርና አትክልት ሲበቅልበት ኖሯል። ጅዳ ራሷ በውሃ እጦት የኖረች ከተማ ነበረች። ቱርኮች በ1907 የባሕር ውሃ እያተነነ ጨዉን የሚለይ መሣሪያ አቁመውላት ነበር፤ የከተማው ሰው «ኪንዳሳ» ይለው ነበር። ችግሩ በጉልህ የተቃለለው ግን በ1947 ዐይን አል-ዐዚዚያ የተባለው የቧንቧ ውሃ ከዋዲ ፋጢማ ተስቦ ከተማው በገባ ጊዜ ነው። እንግዲህ ደረቅ አሸዋ ብለን የምንንቀው ቦታ ትልቅ ከተማ ያጠጣ ቦታ ነው።

ወደ መካ ሲቃረቡ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው ለሙስሊሞች ብቻ የተፈቀደ ነው፤ ሁለተኛው መካን በሩቁ ዞሮ ወደ ጣኢፍ ይወጣል። የማኅበራችን አባላት ሙስሊሞችም ክርስቲያኖችም ነን። ስለሆነም ሕጉን ማክበር ብቻ ሳይሆን አስቀድሞ ማሰብም ያስፈልጋል። በማኅበሩ ስም የሚደረግ ጉዞ ማንም አባል መገንጠያው ላይ ተነጥሎ የማይቀርበት መሆን አለበት። ዋዲ ፋጢማም ሆነ በባሕሩ ዳር ያለው ሹዐይባ፣ ወደ ጣኢፍ የሚያወጣው የአል-ሀዳ ተራራም ሁላችንም በአንድነት ልንሄድባቸው የምንችል ቦታዎች ናቸው። መካን ሙስሊም አባሎቻችን በራሳቸው ጊዜ ይጎብኙ፤ ያዩትንም ተመልሰው ለሁላችንም ይንገሩን።

ሹዐይባን ከጠቀስን ዘንድ ጥቂት እንበል። ጅዳ የመካ ወደብ ከመሆኗ በፊት ወደቡ ሹዐይባ ነበር። በ615 ቁረይሾች መከራ ሲያጸኑባቸው የመጀመሪያዎቹ ሙስሊም ስደተኞች ከመካ በስውር ወጥተው፣ ይህን በረሃ አቋርጠው፣ ከሹዐይባ በንግድ መርከብ ወደ ሐበሻ ምድር ተሻገሩ። የጥንት ታሪክ ጸሐፊዎች የመጀመሪያዎቹን ስደተኞች አሥራ አንድ ወንዶችና አራት ሴቶች ይሏቸዋል። ከእነሱም መካከል ዑስማን ኢብን ዐፋንና ባለቤታቸው ሩቅያ ይገኙ ነበር። ይኸው ዑስማን ከብዙ ዓመታት በኋላ ኸሊፋ ሲሆኑ፣ በ647 የመካን ወደብ ከሹዐይባ ወደ ጅዳ አዛወሩ። የምንማርባትን ከተማ ወደብ ያደረጓት ሰው ቀደም ሲል በአገራችን በስደት የኖሩ ሰው ናቸው ማለት ነው። ይህን በመጽሐፍ ያነበበ ብዙ ነው። ከመካ ዳርቻ እስከ ባሕሩ ድረስ ያለውን ጥላ የሌለበትን ሜዳ ያየ ግን ጥቂት ነው። ሜዳውን ያየ ተማሪ እነዚያ ሰዎች ምን ያህል ቢጨነቁ እንደ ወጡ፣ «እንግዳ ተቀበልን» ስንልም ምን ማለታችን እንደሆነ ይገባዋል።

ሌላው ምሳሌ የኸሊፋ ሃሩን አል-ረሺድ ባለቤት የዙበይዳ ሥራ ነው። ከኩፋ እስከ መካ 1,400 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝመው የሐጅ መንገድ ላይ የውሃ ጉድጓድ፣ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያና ማረፊያ አሠርተዋል፤ መንገዱም እስከ ዛሬ «ደርብ ዙበይዳ» ይባላል። ለመካ ከተማም ከዋዲ ኑዕማን በቦይ ውሃ አስመጥተዋል፤ የቦዩ ቅሪት በዐረፋት አካባቢ በተራራው ጥግ ጥግ ዛሬም ይታያል። ከዚህ የምንማረው አጭር ነው፦ በበረሃ መንገድ ማለት ውሃ ማለት ነው። ውሃው የት እንዳለ ያላወቀ ሰው መንገዱን አላወቀም።

በረሃው የዐረቦች ብቻ ነውን?

«ይህ ሁሉ የዐረብ አገር ነገር ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል ተቃውሞ ሊቀርብ ይችላል። ለዚህ መልሳችን ሁለት ነው።

በመጀመሪያ፣ ከአል-ሀዳ ገደል ላይ ቆሞ ቁልቁል ወደ ቲሃማ ቆላ የተመለከተ ኢትዮጵያዊ እንግዳነት አይሰማውም። የሳራዋት ተራሮችና የእኛ ደጋ ጫፍ ቀይ ባሕር ሳይከፈት በፊት የአንድ ምድር አካል ነበሩ። በመንገዱ ዳር ቆሞ ምግብ የሚለምነው ባለ ጎፈር ዝንጀሮም በአዋሽ በረሃ የምናውቀው ያው ዝንጀሮ ነው።

ሁለተኛውና ዋናው ደግሞ ይህ ነው። አብዛኞቻችን በደጋ ተወልደን ያደግን ነን። ቆላ ሲባል ወባና ሐሩር ብቻ ይታየናል። ይሁን እንጂ የአገራችን ሰፊ ክፍል ቆላና በረሃ ነው፤ በአፋርና በሶማሌ የሚኖረውም ሕዝብ ወገናችን ነው። በአፋር ዝቅተኛ ቦታ የሚገኘው ዳሎል ከ1960 እስከ 1966 በተደረገው ምዝገባ የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ነገ ሐኪም ሆነን ወደ ዱብቲ ወይም ወደ ጎዴ ብንመደብ በረሃን ከማን እንማራለን? ሙቀት ሰውን እንዴት እንደሚገድል፣ የደረቀ ወንዝ በምን ሰዓት እንደሚሞላ፣ አርብቶ አደሩ ውሃን እንዴት እንደሚቆጥብ ሳያውቅ በበረሃ የሚያክም ሐኪም ግማሽ ሐኪም ነው። ይህን ትምህርት እዚሁ ከደጃችን ማግኘት ስንችል ከፈተና ጋር አይገናኝም ብለን መተው የአርቆ አሳቢ ተማሪ ሥራ አይደለም።

ገደሉን የቆፈረው ውሃ

ከሁሉ ይበልጥ የወጣቱን ልብ የሚስበው ጠባቡ የዓለት ሸለቆ ነው። ዋነኛው ምሳሌ በስተ ደቡብ በጂዛን ክፍለ ሀገር በአል-ቀህር ተራራ ውስጥ የሚገኘው ዋዲ ለጀብ ነው። ግራና ቀኙ በመቶዎች ሜትር የሚቆጠር ቀጥ ያለ ገደል ነው፤ ወርዱ በአንዳንድ ቦታ ጥቂት ሜትር ብቻ ነው፤ ወደ ላይ ሲመለከቱ ሰማዩ እንደ መቀነት ቀጥኖ ይታያል። ከዓለቱ ላይ ውሃ ይንጠባጠባል፤ ዛፍና ቅጠል አለ፤ ከውጭ ሐሩሩ ሲያቃጥል ውስጡ ቀዝቃዛ ነው።

እንዲህ ያለውን ገደል ማን ቆፈረው? ውሃ ነው። ይህን የተረዳ ተማሪ አደጋውንም ይረዳል። ገደሉን የቆፈረው ውሃ ሥራውን አልጨረሰም። ተራራው ባዶ ዓለት ስለሆነ የዘነበውን አይመጥም፤ ከብዙ ኪሎ ሜትር ርቀት የወረደው ዝናብ በሙሉ በዚያች ጠባብ በር ይገባል። በሜዳ ላይ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ውሃ በጠባቡ ገደል ከሰው ቁመት ያልፋል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ከአናታችን በላይ ያለው ሰማይ ጥርት ያለ ሊሆን መቻሉ ነው። ዝናቡን ሳናይ ውሃውን እናያለን።

እኛ ኢትዮጵያውያን ለዚህ ነገር ቃል አጥተን አናውቅም፤ ደራሽ እንለዋለን። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚለውም ተረት የእኛው ነው። በነሐሴ 2006 በድሬዳዋ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ250 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ደቻቱ ግን በአብዛኛው የዓመቱ ክፍል ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ደረቅ አሸዋ ነው። በጅዳም የደረሰው ከዚህ አይለይም። በኅዳር 25 ቀን 2009 በጥቂት ሰዓታት ውስጥ 90 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ወርዶ ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከሞቱትም ብዙዎቹ በጥንት የውሃ መውረጃ ላይ በተሠሩ ሠፈሮች የነበሩና በመንገድ ላይ በመኪናቸው ውስጥ የተያዙ ናቸው። በኅዳር 2022 የወረደው ዝናብ ደግሞ ከዚያ የበለጠ ነበር። መካም ራሷ በዋዲ ውስጥ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ በ1941 ጎርፉ ካዕባን ከብቦ ሰዎች በዋና የዞሩበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ «ደረቅ ነው» የሚለው ቃል በበረሃ ማረጋገጫ አይሆንም። ደረቅ ወንዝ ማለት ተራው ገና ያልደረሰ ወንዝ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ አስቸጋሪ ነገር አለ። ለጉዞ የሚመቸው ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ቀዝቃዛ ወቅት ነው፤ በጅዳና በመካ አካባቢ ዝናብ የሚጥለውም በዚሁ ወቅት ነው። በደቡቡ ተራራ ደግሞ በሐምሌና በነሐሴም ይዘንባል። ስለሆነም ሙቀትንም ጎርፍንም በአንድነት የሚያስቀር ወቅት የለም። የሚያድነን ወቅቱ ሳይሆን ጥንቃቄያችን ነው።

ፀሐይ ሲመታ

በአገራችን «ፀሐይ መታው» ይባላል፤ ዐረቦችም በቋንቋቸው ያንኑ ይላሉ። ሁለቱም ሕዝቦች በትክክል ተናግረዋል፤ ነገሩ ምት ነውና። በሙቀት የደከመ ሰው ራሱን ያመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ይዝላል፤ ጥላ ሥር አርፎ ውሃና ጨው ሲያገኝ ይመለሳል። የሰውነቱ ሙቀት ከ40 ዲግሪ አልፎ መቀባዠር፣ መንገዳገድ ወይም ራሱን መሳት የጀመረ ሰው ግን በሞት አፋፍ ላይ ያለ ሰው ነው። ላቡ እስኪደርቅ መጠበቅ ስሕተት ነው፤ ሲሠራ ወይም ሲሄድ የተመታ ሰው እያላበውም ሊሞት ይችላል። የትኩሳት ኪኒንም አይረዳውም። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ውሃ ማፍሰስ ደግሞ ማነቅ ነው።

የሚያድነው ወዲያውኑ ማቀዝቀዝ ነው። በ1980 ዋይነርና ኾጋሊ የተባሉ ሐኪሞች በሕክምና መጽሔት ላይ ያስረዱት፣ ለመካ ሐጃጆችም ያገለገለው ዘዴ ቀላል ነው፦ የሕመምተኛው ገላ በደቃቅ ውሃ እየተረጨ ሞቅ ያለ አየር ይነፍስበታል፤ ቆዳው ሳይኮማተር ውሃው እየተነነ ሙቀቱን ይወስዳል። መሣሪያው በበረሃ አይገኝም። አሠራሩ ግን በአንድ ጀሪካን ውሃና በአንድ ነጠላ ሊፈጸም ይችላል። ልብሱን አውልቁ፣ ገላውን አርጥቡ፣ ያለ ማቋረጥ አራግቡ፤ ሆስፒታል የሚወስደው መኪና እስኪመጣም ሆነ በመንገድ ላይ ይህን አታቁሙ።

በ2024 ሐጅ 1,301 ሰዎች ሞተዋል። በታላቁ መስጊድ ሙቀቱ 51.8 ዲግሪ ደርሶ ነበር። የሳዑዲ መንግሥት እንደ ገለጸው ከሞቱት 83 በመቶ የሚሆኑት የሐጅ ፈቃድ ያልነበራቸው፣ ያለ መጠለያ በፀሐይ ረጅም መንገድ የሄዱ ናቸው። ይህን ቁጥር ልብ እንበለው። ፀሐይዋ ወረቀት አትጠይቅም፤ ጥላ ግን በወረቀት ይገኝ ነበር።

ዕውቀቱ የማን ነው?

ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። እኛ ወደ በረሃው የምንሄደው ምሳችንን ይዘን፣ ኢቃማችንን በኪሳችን አድርገን፣ ለመመለስ ነው። በረሃው ውስጥ ግን በየቀኑ የሚኖሩ ወገኖች አሉን። ግመልና በግ የሚጠብቁ፣ የእርሻ ዘበኛ የሆኑ፣ ከሰው ርቀው ከአሠሪያቸው በሚመጣ ውሃ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ናቸው። ከዚህም የባሰ ችግር ያለባቸው ከኦቦክ ባሕሩን ተሻግረው፣ የመንን በእግር አቋርጠው፣ በሰዕዳ በኩል ወደ ጂዛን ተራሮች የሚወጡት ናቸው። ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2023 ባወጣው ዘገባ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከመጋቢት 2022 እስከ ሰኔ 2023 በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን በዚያ ድንበር እንደ ገደሉ ገልጿል፤ የሳዑዲ መንግሥት ክሱን አልተቀበለም። ጥይቱን ያመለጠም ሰው ውሃ ጥሙና ደራሹ ይጠብቁታል። እኛ ለፎቶግራፍ የምንገባበት ዓይነት ገደል ለእነሱ የሌሊት መሸሸጊያ ነው።

ታዲያ ስለ ሙቀትና ስለ ጎርፍ የተማርነውን በማስታወሻ ደብተራችን ዘግተን ብናስቀምጠው ምን ይባላል? «እንዲህ ያለውን ምክር ማሰራጨት ሕገ ወጥ ስደትን ማበረታታት ነው» የሚሉ አባላት እንዳሉ እናውቃለን። ይህ አባባል ከእውነት የራቀ ነው። ስለ ውሃ ጥም የተጻፈ አንድ ገጽ አንብቦ አገሩን ጥሎ የሚሄድ ሰው የለም፤ ሰውን የሚያሰድደው ሥራ ማጣት፣ ጦርነትና የደላላ ውሸት ነው። እንዲያውም በረሃው ምን እንደሆነ በትክክል የተነገረው ሰው ቆም ብሎ ሊያስብ ይችላል። ደግሞስ ለሕመምተኛ ኢቃማ አለህ ወይ ብሎ መጠየቅ የሐኪም ተግባር ነውን?

ምን ይደረግ?

ስለሆነም የሚከተለውን ሐሳብ ለአባላት እናቀርባለን።

1ኛ/ በማኅበሩ ስም የሚደረግ ጉዞ ከሁለት መኪና ባነሰ አይደረግ። የሚሄዱበት ቦታና የሚመለሱበት ሰዓት በጽሑፍ ከተማ ለሚቀር አባል ይሰጥ። በሰዓቱ ካልተመለሱ በመካ ክፍለ ሀገር 911፣ ለቀይ ጨረቃ አምቡላንስ ደግሞ 997 ይደወል።

2ኛ/ በሐሩር የሚሄድ ሰው በሰዓት አንድ ሊትርና ከዚያ በላይ ላብ ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ውሃ በሰው ተቆጥሮ፣ ለአንድ ተጨማሪ ቀን የሚበቃ ትርፍ ታክሎበት ይጫን። ያለ ትርፍ ውሃ መኪናው አይነሣ።

3ኛ/ የአየር ጠባይ ማስታወቂያ ሳይታይ ማንም ወደ ገደል አይግባ። በተራራው ላይ ደመና ከታየ፣ ውሃው ከደፈረሰ ወይም ጉርምርምታ ከተሰማ ዕቃ ሳይነሣ ወደ ከፍታ ይወጣ። በዋዲ ውስጥ ድንኳን አይተከል፤ በሚፈስ ውሃ ላይም መኪና አይነዳ።

4ኛ/ መኪና ቢበላሽ ከመኪናው አይራቅ። ፈላጊ ከአንድ ሰው ይልቅ መኪናን ቶሎ ያያል፤ መኪናውም ጥላ ነው።

5ኛ/ ጉዞው የወንዶች ብቻ የሆነበት ልማድ ይቅር። ከሰኔ 2018 ጀምሮ በዚህ አገር ሴቶችም መኪና ይነዳሉ፤ እኅቶቻችንን ከከተማ ለማስቀረት ይቀርብ የነበረው ሰበብ አብቅቷል።

6ኛ/ ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ስለ መንገዱ፣ ስለ ውሃውና ስለ ታሪኩ አጭር ሪፖርት በዚህ መጽሔት ይውጣ።

7ኛ/ የሕክምና ተማሪዎች ስለ ሙቀት፣ ስለ ውሃ ጥምና ስለ ደራሽ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በዐረብኛ አንድ አንድ ገጽ ያዘጋጁ። ማንበብ ለማይችሉ ወገኖችም በድምፅ ተቀድቶ በስልክ ይላክ። ከከተማ ወጥተን ወገኖቻችንን ባገኘን ቁጥር ይህን ምክርና ከያዝነው ውሃ ሳናካፍል አንለፍ።

ከእነዚህ ሐሳቦች መካከል ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ የለም። የመጨረሻው የሚጠይቀው ጥቂት ማታዎችን ብቻ ነው፤ እኛ በጅዳ የምንገኘው የሕክምና ተማሪዎችም የአማርኛውን ገጽ ለመጻፍ ዝግጁ ነን። ለኦሮምኛው፣ ለትግርኛውና ለዐረብኛው ጸሐፊ እንፈልጋለን። ሐሳቡ በመጪው ጠቅላላ ስብሰባ እንዲቀርብና ድምፅ እንዲሰጥበት እንጠይቃለን። የምትቃወሙም አባላት ምክንያታችሁን ጽፋችሁ ለሚቀጥለው እትም ላኩልን፤ ክርክሩ በቡና ጠረጴዛ ዙሪያ ከሚቀር በጽሑፍ ቢወጣ ይሻላልና።